የቢጫው ረድፍ

በምሠራበት ክፍል ውስጥ አርባ ስምንት አይጦች በካንሰር ታመው ነበር። ያሳመምናቸው እኛው ነን። ይህን ስናገር ፊቱን የሚያጨማድድብኝ ሰው አይጠፋም፤ ያጨማድድ። ሃያ አንድ ዓመት የላቦራቶሪ እንስሳት ተንከባካቢ ሆኜ ስሠራ፣ ፊታቸውን ካጨማደዱብኝ ሰዎች መካከል፣ ሲያማቸው የሚውጡት ክኒን መጀመሪያ የማን ሆድ ገብቶ እንደተሞከረ የጠየቀኝ አንድም የለም።

ሥራው ቀላል ነው፤ ቀልድ ግን አያውቅም። ጠዋት ልብሴን ቀይሬ፣ ጫማዬን ሸፍኜ፣ ጓንቴን አጥልቄ እገባለሁ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ መብራቱ በራሱ ሰዓት ይበራል፣ በራሱ ሰዓት ይጠፋል። በግራና በቀኝ ግድግዳ በኩል አንድ አንድ የብረት መደርደሪያ አለ። በያንዳንዱ ላይ ስድስት የፕላስቲክ ሳጥን፣ በየሳጥኑ አራት አይጥ። ሰጋቱራቸውን እቀይራለሁ፣ ውሃቸውን እሰጣለሁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳሁ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ክብደታቸውን እጽፋለሁ። ሰገራቸው ላይ ደም መኖር አለመኖሩንም አያለሁ፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያጋልጠው በዚያ ነውና። ለግራም አንድ አሥረኛ የምከራከር ሰው ስለሆንኩ የሥራ ባልደረቦቼ «ሚዛን» ይሉኛል። ሲያሾፉብኝ ነው፤ እኔ ግን ስሙን እወደው ነበር።

ጥናቱ የዶክተሯ ነው። ገና አርባ ያልሞላት፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ፣ ሲከፋትም ደስ ሲላትም ብዕሯን የምትነክስ ሴት ናት። አይጦቹን መጀመሪያ አንድ ኬሚካል ወጋናቸው፤ ቀጥሎ አንጀት የሚያቆስል ጨው ሳምንት እያሳለፍን በውሃቸው አጠጣናቸው። በሦስተኛው ወር ዕጢው ወጣ፤ ልክ በሰው አንጀት እንደሚወጣው። ከዚያ አዲሱ መድኃኒት መጣ። ግማሾቹ በውሃ የተበጠበጠውን መድኃኒት፣ ግማሾቹ ባዶ ውሃ አሥር ሳምንት ይጠጣሉ። በግራ ያሉት ሳጥኖች ቀይ ካርድ፣ በቀኝ ያሉት ቢጫ ካርድ ተለጠፈባቸው። ጠርሙሶቹን የሚያዘጋጀው መድኃኒት ቀማሚው ነው፤ የትኛው ቀለም መድኃኒቱን እንደሚጠጣ ጽፎ ፖስታ ውስጥ አሽጎ ካዝና ውስጥ ቆለፈበት። ዶክተሯም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ያወቀ ሰው ሳያስበው ያዳላል ተብሎ ነው። ይህን ሕግ ለአዲስ ሠራተኞች ሁሉ የማስተምረው እኔ ነበርኩ፤ ለአንዱ ያደረጋችሁትን ለሁሉም አድርጉ፣ ካልሆነ ለማንም አታድርጉ እያልኩ።

የእህቴ ሕመም የታወቀው አይጦቹን መጀመሪያ በወጋንበት ሰሞን ነው። ከእኔ በስድስት ዓመት ታንሳለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ያውም እጇ የተመሰከረለት። ደም ማየት ከጀመረች ሰባት ወር ደብቃኝ ነበር። በሽታው ሰው አፍ አውጥቶ ሊናገር በሚያፍርበት ቦታ ስለሚጀምር ብዙ ሰው እንዲሁ ይደብቀዋል። እኔ በየቀኑ የአይጥ ሰገራ አገላብጬ ደም የምፈልግ ሰው፣ እቤቴ ያለውን ሳላይ ቀረሁ። ቀዶ ጥገናው ጥሩ ሆነላት፤ ነገር ግን በሽታው በአቅራቢያው ያሉትን ንፍፊቶች ነክቶ ስለነበር ሐኪሟ ስምንት ዙር ኬሞ አዘዘላት፤ በየሦስት ሳምንቱ አንድ።

ሦስቱን እንደምንም ወሰደች። ከሦስተኛው በኋላ የጣቶቿ ጫፍ ደነዘዘ። መርፌ ስትይዝ መያዟን የምታውቀው በዓይኗ እያየች ሆነ። አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ጣቷን ወግታ ሳታውቀው ነጩ ጨርቅ ላይ ደም አንጠባጠበች። ቀሚሱን ስታጥብ አገኘኋት፤ አታለቅስም፣ ብቻ ትፈትገዋለች።

«ጋሼ፣ ይኼ መድኃኒት በሽታዬን ይግደል አይግደል አላውቅም» አለችኝ። «እጄን ግን እየገደለብኝ ነው። ያለ እጄ ምን ልሆን ነው?»

መልስ ሲጠፋኝ ወሬ ማብዛት ልማዴ ነው። ስለ ሥራዬ አወራላት ጀመር።

አይጦቹ ከየጠርሙሳቸው መጠጣት በጀመሩበት የመጀመሪያ ሳምንት ቢጫዎቹ ከቀዮቹ ትንሽ ተሽለው ነበር። ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ንቄ የማልፈው። አይጥም እንደ ሰው አንድ ቀን ይበላል አንድ ቀን ይተዋል። ነገር ግን ልቤ ቢጫዎቹ ናቸው መድኃኒቱን የሚጠጡት አለ፤ አንዴ ካለ በኋላ ሌላ ነገር መስማት እምቢ አለ። ከቢጫዎቹ መካከል ጆሮዋ ላይ ሁለት ምልክት ያላት አንዲት ሴት አይጥ ነበረች፤ ጎኗ ገብቶ፣ ጸጉሯ ቆሞ፣ ከላይ ወደተንጠለጠለው ደረቅ መኖ መንጠራራት አቅቷት ጥግ ይዛ ተኮራምታለች። አንጀቴን በላችው። ጥቂት መኖ በሞቀ ውሃ አርሼ እንደ ገንፎ አላቁጬ፣ በጠርሙስ ክዳን አድርጌ አፍንጫዋ ሥር አስቀመጥኩላት። እየተንቀጠቀጠች በላች።

በማግስቱ ክብደቷ ጨመረ። በሦስተኛው ቀን ለሳጥኑ ሁሉ ሰጠሁ፤ በሳምንቱ ለቢጫው ረድፍ በሙሉ። ሰጋቱራቸውንም ቶሎ ቶሎ እቀይርላቸው ጀመር። ለቀዮቹስ? ጊዜ የለኝም እል ነበር ለራሴ። ውሸቴን ነው። ጊዜ ነበረኝ። ቢጫዎቹ እንዲያሸንፉ ስለፈለግሁ ነው። እቤት የምትጠብቀኝ እህቴ ነበረችና ያለ እፍረት አዳላሁ፤ ክብደታቸውን ግን እንደ ወትሮዬ እስከ አሥረኛዋ ነጥብ ድረስ በትክክል እጽፍ ነበር። ልክ ከሆነው ቁጥር ሥር ያለውን ውሸት ማንም ሊያየው አይችልም።

ማታ ማታ እራት ስንቀርብ የእህቴ የመጀመሪያ ጥያቄ እነሱ ሆኑ።

«ቢጫዎቼ እንዴት ዋሉ?»

«በልተው፣ ጠጥተው፣ ተጣልተው።»

«ደምስ?»

«ከሁለት ሳጥን ጠፍቷል።»

«እሰይ!» ትላለች ዳቦዋን ሾርባ ውስጥ እየነከረች። «እኔ እኮ ካንተ ይልቅ እነሱን መምሰል ይሻለኛል። አንተማ ፊትህ ሁልጊዜ እንደ ተቀማ ሰው ነው።»

ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት ስለማላውቅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ ማውራቴን ቀጠልኩ። አንድ መድኃኒት ከአይጥ አልፎ ሰው ጋ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ መንገድ ላይ እንደሚቀር አውቃለሁ። አልነገርኳትም። አንድ ቀን ጠዋት የአራተኛው ዙር ቀጠሮዋ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ፊት ቆማ ብዕር ይዛ አየኋት።

«ቀጠሮዬን እሰርዘዋለሁ። የእናንተው መድኃኒት እስኪመጣ ብታገሥ ይሻለኛል። እጄም እስከዚያ ያገግማል» አለች።

ያን ጊዜ ጮኼ ማስቆም ነበረብኝ። ብዕሩን ከእጇ መንጠቅ ነበረብኝ። ሻይዬን ጨርሼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። አራተኛውን ዘለለች፤ አምስተኛውንም ዘለለች። ሐኪሟ ደውሎ፣ ከዚህ በላይ ከቆየሽ በሽታው ቢመለስ እኔን እንዳትወቅሺኝ ብሏት ነበር። እሱንም በሳቅ ነው የነገረችኝ።

አሥሩ ሳምንት ሞላ። ከቀዮቹ አምስት ሞተው ነበር፤ ከቢጫዎቹ አንድ። ዶክተሯ የክብደቱን ሠንጠረዥ ስታይ ብዕሯ ሊሰበር እስኪደርስ ነከሰችው፤ በደስታ ነበር። መድኃኒት ቀማሚው ፖስታውን ይዞ መጣ፤ በጠባቧ ቢሮዋ ውስጥ ሦስታችን ቆምን። ያለ እርስዎ አልከፍትም ብላ እኔን አስጠርታኝ ነው። ፖስታውን ቀደደችው፣ አነበበችው፣ ድጋሚ አነበበችው፤ ከዚያ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«ቢጫዎቹ ውሃ ናቸው» አለች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ባዶ ውሃ ነው ሲጠጡ የከረሙት። መድኃኒቱን የጠጡት ቀዮቹ ናቸው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «መድኃኒቱ አለማዳኑ ሳያንስ ጭራሽ ጎድቷቸዋል ማለት ነው። አራት ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ነገር ከውሃ አነሰ። በቃ፤ ነገ ለበላዮቼ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ይዘጋል።»

መድኃኒት ቀማሚው ትከሻዋን ቸብ አድርጎ ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ። ወደ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ባዶ ሳጥኖች ማጠብ ጀመርኩ፤ የታጠበውን ደግሜ አጥባለሁ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። እህቴ የተማመነችበት ረድፍ አንዲት ጠብታ መድኃኒት አልቀመሰም። ያዳንኩት እኔ ነኝ፤ በገንፎ። ሌላው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ቀዮቹ ያን ደረቅ መኖ መንጠራራት አቅቷቸው፣ እርጥብ ሰጋቱራ ላይ ተኝተው፣ መድኃኒቱ እየረዳቸው ሊሆን ይችላል። ምናልባት እሱ ባይኖር ኖሮ አሥር ይሞቱ ነበር። ምናልባት አንድ ቀን እህቴን፣ የሌላ ሰው እህትንም የሚያድን ነገር ነው፤ ነገ በደብዳቤ ይቀበራል። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የሃያ አንድ ዓመት ስሜ እንዳለ ይቀመጣል።

ጓንቴን ሳላወልቅ ተመልሼ በሯን አንኳኳሁ።

«ዶክተር፣ ደብዳቤውን አይጻፉ» አልኳት። «የቢጫዎቹን መኖ አርሼ ስሰጣቸው ከርሜአለሁ። ሰጋቱራቸውንም አብዝቼ እቀይር ነበር። የቢጫዎቹን ብቻ።»

ያልሰማችኝ መስሎኝ ልደግመው ስል እጇን አነሳች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ሳምንት።»

«እርስዎ?» አለች። «ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ በሬ ወለደ ብዬ አባርረው ነበር። እርስዎ? ለምን?»

ስለ እህቴ ነገርኳት። ስለ ቀሚሱ፣ ስለ እራቱ ወሬ፣ ስለ ቀን መቁጠሪያው ሳይቀር ነገርኳት። ስጨርስ ትቆጣኛለች፣ ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቢሆንልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«እህትዎ አሁን ምን እየወሰዱ ነው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ስንት ዙር አለፋቸው?»

«ሁለት።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቆይታ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «አንጀታቸውን ከፍተን ዕጢውን ብንቆጥርም አሁን ማወዳደር አይቻልም፤ አንዱ ረድፍ ጠግቦ አንዱ ተርቦ ነው የከረመው። ሁሉም መወገድ አለባቸው። ከዜሮ እንጀምራለን፤ የሚያስጀምሩኝ ከሆነ። የእርስዎን ነገር አስተዳደሩ ይወስናል፤ እኔ መደበቅ አልችልም።»

«አይደብቁ።»

«የአይጦቹን ነገር ሌላ ሰው ይጨርሰዋል። እርስዎ አሁኑኑ ወደ ቤት ይሂዱ።»

«አይሆንም። እኔው ልጨርሰው» አልኳት።

ኃላፊነት የተሰማኝ አስመስዬ ነው የተናገርኩት። እውነቱ ሌላ ነው። አርባ ሁለት አይጥ መግደል እህቴን ፊት ለፊት ከማየት ስለቀለለኝ ነው።

ሁለት ሁለት ሳጥን እያደረግሁ ጋዙን ቀስ ብዬ ከፈትኩ፤ በአንዴ ከተለቀቀ ይደነግጣሉ። መጀመሪያ ያሸታሉ፣ ከዚያ ይፈዛሉ፣ ከዚያ ጎናቸውን ይሰጣሉ። ከቀዮቹ ጀመርኩ፤ አሥራ ዘጠኙም ቀላል ነበሩ፣ ስይዛቸው አጥንታቸው እጄን ይነካኝ ነበር። ቢጫዎቹ ጋ ስደርስ ክዳኑን ስከፍት እንደ ልማዳቸው ወደ እጄ ሮጡ፤ ምግብ መስሏቸው። ያችም ባለ ሁለት ምልክቷ ከፊት ነበረች። ከመጀመሪያውም መጨረሻቸው ይኸው እንደነበረ አውቃለሁ፤ ግን የሚሞቱት ለአንድ መልስ ነበር። አሁን መልስ የለም፤ በከንቱ ነው የሞቱት፣ የገደላቸውም የእኔ ርኅራኄ ነው። አንድ በአንድ ትንፋሻቸው መቆሙን አረጋግጬ ቁጥራቸውን ጻፍኩ። ሃያ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

እቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እህቴ መስኮቱ አጠገብ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ የአንድ ሱሪ ጫፍ ትፈታለች። ጣቷን መርፌ ከሚከላከል የብረት ቆብ ውስጥ ከታዋለች።

«ዛሬ ቶሎ መጣህ» አለች ቀና ሳትል። «ቢጫዎቼ እንዴት ዋሉ? ፖስታው ዛሬ አይደል የሚከፈተው?»

«ተከፈተ።»

«እና?»

«ውሃ ነበር የሚጠጡት፣ እታለም። መድኃኒት አልነበረም።»

የምቀልድ መሰላት። ከዚያ ፊቴን አየችው።

«ታዲያ ማን አዳናቸው?»

«እኔ ነኝ። መኖውን እያራስኩ ሰጠኋቸው።»

«መድኃኒቱን የሚጠጡትስ? ለእነሱስ ሰጠሃቸው?»

«አልሰጠኋቸውም።»

ሱሪውን ጭኗ ላይ አስተካክላ አጠፈችው። «እንግዲያው መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ አይታወቅም።»

«አይታወቅም።»

«መቼ ነው የሚታወቀው?»

«አዲስ አይጦች መምጣት አለባቸው። እስኪታመሙ፣ እስኪጠጡ… ከፈቀዱላት ስምንት ወር።»

«ለአይጥ።»

«ለአይጥ። ለሰው ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ቀድሞውንም አውቀው ነበር።»

መንገድ ላይ መኪና ጥሩንባውን ነፋ፣ ጎረቤት በር ተዘጋ። ስትናገር አልጮኸችም።

«ለአይጥ የሞቀ ምግብ አቀረብክ፤ ለእኔ ወሬ።»

«እታለም…»

«ቀጠሮዬን ስሰርዝ አጠገቤ ነበርክ። ሻይ ትጠጣ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«ተይ እንኳ አላልከኝም።»

«ስትስቂ ማየት ፈልጌ ነው» አልኳት። ያለኝ ምክንያት ይኸው ብቻ ነበር፤ ጮክ ብሎ ሲነገር ምንም ያህል እንደማይሆን እኔም ሰማሁት።

ቆቡን ከጣቷ አወለቀችው። እጇን ዘርግታ «ስልኩን አምጣ» አለች። ቁጥሩን ልትነካ ሞከረች፤ ጣቷ ይስታል፣ ሌላ ቁጥር ይጽፋል፤ ሁለቴ አጠፋችው። በሦስተኛው ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ደውዬ መለስኩላት።

የሆስፒታሉ ነርስ ድምፅ እኔም ጋ ይሰማ ነበር። ካርድ ቁጥሯን ጠየቀቻት፤ እህቴ በቃሏ ነገረቻት። ነርሷ ፈልጋ አገኘች፤ ሁለት ዙር አልፎሻል፣ መድኃኒቱ ከመቀጠሉ በፊት ሐኪሙ በሽታው ተመልሶ እንደሆነ በምርመራ ማየት ይኖርበታል አለቻት። እህቴ እሺ አለች። ከዚያ ነርሷ ለመዝገቡ ነው፣ ያቋረጥሽበትን ምክንያት ንገሪኝ አለቻት።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ሰው አምኜ» አለቻት።

ነርሷ ምን ብላ እንደጻፈችው አላውቅም። ስልኩ ሲዘጋ እህቴ የቀን መቁጠሪያው ጋ ሄዳ ነገ ላይ ምልክት አደረገች፤ ብዕሩን በሙሉ እጇ ጨብጣ፣ በጣቶቿ ሳይሆን።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው» አለች። «አንተም ትመጣለህ። የሚሉኝን ነገር ካንተ አፍ መስማት አልፈልግም፤ እኩል ነው የምንሰማው።»

እሺ አልኳት።